ፖንዛ ስንት ቀን ያስኬዳል?

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ነን የምንል ሰዎች አንድ የጋራ ጠባይ አለን። ደራሲን የወለደችውን መንደር፣ ያስተማረችውን ደብር፣ ያሰረችውን ደሴት ስናወድስ ቃላት አይቸግሩንም። «የቅኔ ምንጭ»፣ «የሊቃውንት አምባ»፣ «የመከራ ዘመን ምስክር» እያልን ቅጽሉን እናዥጎደጉደዋለን። አንድ የዋህ አንባቢ ብድግ ብሎ «እንግዲያው ልሂድና ልያት፤ በየት በኩል ይኬዳል? ስንት ቀን ያስኬዳል? የት ይታደራል? ስንት ብር ይበቃኛል?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ሁላችንም ጸጥ እንላለን። ጥያቄው የነጋዴ ወይም የሾፌር ጥያቄ ይመስለናል።

በዚህች ጽሑፍ ልከራከርለት የምሻው ነገር ይኸው ነው። ብዙ ስፍራዎች ሳይታወቁ የሚቀሩት መንገዳቸውን ቁጭ ብሎ የሚነግር ሰው በማጣታቸው ነው። የርቀት ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ውዳሴ ብቻውን ማንንም የትም አያደርስም።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት በደብረ ኤልያስ ነው፤ ዛሬም እንጀራዬን የምበላው እዚሁ፣ ከአንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ነው። የዚህ አገር ሰው የመንገድን ነገር የተማረው ከቆሎ ተማሪ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ ዱላውን ጨብጦ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም የሚሻገረው ተማሪ ካርታ አልነበረውም። መንገዱ ግን አይጠፋውም። ከእርሱ በፊት የሄደው ባልንጀራው ሁሉንም በዝርዝር ነግሮታል፦ የትኛው ወንዝ በሐምሌ እንደሚሞላ፣ በየትኛው መንደር ክፉ ውሻ እንዳለ፣ የትኛዋ እናት «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል እጇ እንደማይታጠፍ፣ የትኛው የኔታ መቼ ተማሪ እንደሚቀበሉ፣ ጎጆ ለመቀለስ ሣር የሚገኘው ከወዴት እንደሆነ። ይህ ዕውቀት እንደ ቅኔው ሁሉ በቃል የሚወርድ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ስንት ቀን ያስኬዳል?» ይህን በመጠየቁ ያፈረ ተማሪ አልነበረም፤ በመመለሱ ከክብሩ ዝቅ ያለ ሊቅም አልነበረም።

እንግዲህ ያን የተማሪ ጥያቄ ይዤ፣ ከደብረ ኤልያስ ተነሥቼ፣ በኢጣሊያ ባሕር ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ መንገድ ልጠይቅ ነው። ስሟ ፖንዛ ይባላል። ብዙዎቻችሁ ስሟን ሰምታችሁ እንደሆነ የሰማችሁት በአንድ ሰው ምክንያት ነው።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ለቤተ ክህነት ትምህርትም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ አለፉ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን ከማንኩሳ አንሥተው እስከ ዲማ ሲያደርሱት ያንን የተማሪ ኑሮ ከሌላ ሰው ሰምተው አልጻፉትም፤ ኖረውበታል። ሁለተኛውና ረጅሙ መንገዳቸው ግን በፈቃዳቸው የሄዱበት አልነበረም። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ነበርና፣ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጠላት እጅ ሲወድቁ እርሳቸውም ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። ፖንዛንና ሊፓሪን በሚባሉት ደሴቶች ታሰሩ። የአገራቸውን ምድር ዳግም የረገጡት ከሰባት ዓመት ያህል ምርኮ በኋላ ነው። የዚያን ዘመን ነገር በ1985 ዓ.ም. ባወጡት «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ትተውልናል። በዚያው ዘመን የደብረ ኤልያስ ተወላጅ የሆነው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ዮፍታሔ ንጉሤ በሱዳን በስደት ላይ ነበር። ይህች የእኛ ትንሽ ደብር በአንድ የመከራ ዘመን ካሳደገቻቸው መካከል አንዱን ወደ በረሃ፣ ሌላውን ወደ ባሕር ሸኝታለች ማለት ነው።

ፖንዛ ከሮምና ከናፖሊ መካከል ካለው የባሕር ጠረፍ ማዶ፣ በቲሬኒያን ባሕር ላይ ትገኛለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመቷ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኢጣሊያን ለመጎብኘት የሚጎርፈው የዓለም ሕዝብ ቬኒስን፣ ፍሎሬንስን፣ ካፕሪን እንጂ እርሷን እምብዛም አያውቃትም፤ በበጋ የሚሞሏት በአብዛኛው የሮምና የናፖሊ ሰዎች ናቸው። ለግዞት ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ናት። የሮም ቄሣሮች ያልወደዱትን ዘመዳቸውን የሚጥሉት እዚያ ነበር፤ የካሊጉላ ወንድም የሞተው በዚህች ደሴት ላይ ነው። በፋሺስቱ ዘመንም የመንግሥቱ ተቃዋሚዎች ይጋዙባት ነበር፤ በኋላ ከ1978 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሳንድሮ ፔርቲኒ ከእነዚያ ግዞተኞች አንዱ ነበሩ።

ታሪክ ደግሞ የራሱ ቅኔ አለው። ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረደ ጊዜ የገዛ አገሩ ሰዎች እስረኛ አድርገው ያመጡት ወደዚችው ፖንዛ ነው። ሳንታ ማሪያ በተባለው መንደር፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት አስቀመጡት። 60ኛ ዓመት የልደት ቀኑንም እዚያው ዋለ። የዚህን ሰሙንና ወርቁን ለመፍታት ዘረፋ የደረሰ ተማሪ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ከወደቡ አጠገብ ሮማውያን ከዐለት ፈልፍለው የሠሯቸው የዓሣ ማርቢያ ዋሻዎች አሉ፤ የአገሩ ሰው «የጲላጦስ ዋሻዎች» ይላቸዋል። የደሴቲቱን ስም ከጴንጤናዊው ጲላጦስ ጋር የሚያያይዝ አፈ ታሪክም ይነገራል። ሰኔ 25 ቀን ጲላጦስን በስንክሳር ለሚያስብ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ይህ ሥፍራ ምን ስሜት እንደሚያሳድር መቼም መገመት አይከብድም።

ይህን ሁሉ ያነበበ የደብረ ኤልያስ ሰው «ልሂድ» ቢል ምን ይገጥመዋል? እዚህ ላይ ግጥም መጻፌን ትቼ ወደ ሥራ ወንበሬ ልመለስ።

መጀመሪያ የሚገጥመው እኔን የመሰለ ሰው ነው። ለሼንገን ቪዛ የሚያመለክት ሰው ከሚጠየቀው ሁሉ መካከል የባንክ ስቴትመንት አንዱ ነው። ይህች ወረቀት የወራት ገቢና ወጪን በተርታ ታሳያለች። ደመወዝተኛ ከሆነ ገንዘቡ በወሩ መጨረሻ ይገባል፣ በወሩ አጋማሽ ላይ አልቋል። ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ለጉዞው አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ብር ቢያስገባለት ደግሞ ያ በድንገት ያበጠ ሒሳብ ራሱ ጥርጣሬ ይጠራበታል። ገበሬ ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው። የደብረ ኤልያስ ገበሬ ሀብቱ በጎተራ ያለ ጤፉና ስንዴው፣ በረት ያሉ በሬዎቹ ናቸው፤ ጎተራ ስቴትመንት አያወጣም፣ በሬም ማኅተምና ቲተር የለውም። ስለዚህ ለልጁ ትምህርት፣ ለለቅሶ፣ ለተዝካር ሲያወጣ የኖረ ባለጸጋ ሰው በወረቀት ላይ ድሃ ሆኖ ይታያል። እኔም የታዘዝሁትን አትሜ፣ ማኅተሙን አሳርፌ እሰጣለሁ፤ ቁጥሩ የሰውየውን ኑሮ እንደማይናገር ግን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ሌሎች ወረቀቶች ይከተላሉ። ከመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን፣ የአውሮፕላን ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት የማደሪያ ማረጋገጫ። ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የማመልከቻው ክፍያ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቢከለከልም አይመለስም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ አንድ ዩሮ የሚመነዘርበት የብር መጠን ከእጥፍ በላይ ስላደገ፣ ይህ ክፍያ ብቻውን የአንድን ጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ትልቁን ክፍል ይወስዳል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አርዝሞታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው አመልካቹ ካለበት ከጎጃም ድረስ ወደ አዲስ አበባ እየተመላለሰ መሆኑንም አትርሱ።

በእነዚያ ወረቀቶች ሁሉ ውስጥ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ትመለሳለህን?» የሚል። በ1929 ዓ.ም. ወደ ፖንዛ የተወሰዱትን ሰዎች ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። እንዲያውም ሳይመለሱ እንዲቀሩ ነበር የተፈለገው። የማይፈልገውን ሰው ወደዚያች ደሴት ለማድረስ መርከብም፣ ወታደርም፣ ማደሪያም አልጠፋም ነበር። የእነዚያን ሰዎች መጽሐፍ አንብቦ በገዛ ገንዘቡ ሊሄድ የሚሻውን አንባቢ ግን ስድስት ዓይነት ወረቀት ያስቆመዋል። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም፤ አገር የራሱን በር የመጠበቅ መብት አለው። የሁለቱ ዘመናት መንገድ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የሚታየውን ነገር ግን ዓይን ጨፍኖ ማለፍ አይቻልም።

ቪዛው ተገኘ እንበል። ከአዲስ አበባ ሮም ቀጥታ በረራ አለ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከሮም ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ናፖሊ በሚወስደው መስመር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ በሚል ጊዜ ፎርሚያ ይደረሳል። ከጣቢያው ቁልቁል ወደ ወደቡ በእግር ይወረዳል። ከዚያ በመርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ፈጣኑ ጀልባ ከዚህ ያሳጥረዋል። በበጋ ከአንዚዮ፣ ከቴራቺናና ከናፖሊም የሚነሡ አሉ፤ በክረምት ግን መንገደኛው የሚታመነው በፎርሚያ ነው። ክረምት ስል የእነርሱን ክረምት ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን የእኛን ብርድና የመኸር ወቅት። ደሴቲቱ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም።

እዚህ ላይ ነው የደጋ ሰው የማያውቀው ችግር የሚመጣው፤ ነፋስ። ባሕሩ ሲናወጥ መርከብ አይነሣም። በዓባይ ሸለቆ መንገድ ቢበላሽ ሰው ወርዶ ይገፋል፣ ድንጋይ ይለቅማል፣ ዘወር ብሎ ያልፋል፤ ከባሕር ጋር ግን እንዲህ ያለ ድርድር የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። የቪዛው ወረቀት ደግሞ የትኛውን ሌሊት የት እንደምታድር አስቀድሞ ተጽፎበታል። ነፋሱ ያንን ወረቀት አላነበበም። ስለዚህ ወደ ፖንዛ የሚሄድ ሰው ቢያንስ አንድ ሁለት የትርፍ ቀን ሊይዝ፣ የመመለሻ በረራውንም ከመርከቡ ቀን ጋር ሊያጣብቅ አይገባም። ይህ ቀላል ምክር ነው፤ ባለማወቅ ግን ገንዘብ ሰብስቦ ሮም ከደረሰ በኋላ ደሴቲቱን ሳያያት የሚመለስ ይኖራል።

የማደሪያው ነገር እንደ ወቅቱ ይለያያል። በነሐሴ ኢጣሊያ በሙሉ ዕረፍት ላይ ስለሆነ ክፍል አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። በክረምቱ ደግሞ ብዙው ሆቴል ይዘጋል። የሚሻለው በግንቦትና በመስከረም አካባቢ ነው፤ መርከቡም ይበዛል፣ ዋጋውም ይረግባል። የደሴቲቱ ሰዎች አባቶች በ18ኛው መቶ ዘመን ከኢስኪያ ደሴትና ከናፖሊ አካባቢ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸውና ቋንቋቸው ወደ ናፖሊ ያደላል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሚተማመን ሰው ጥቂት የኢጣሊያ ቃል የያዘው ይሻለዋል። ለዚህ እንኳ እኛ ስንቅ አናጣም፤ ፎርኬታ፣ መኪና፣ ፋብሪካ፣ ጋዜጣ እያልን የኖርን ሕዝብ ነን።

ጾመኛ መንገደኛ «ምን እበላለሁ?» ብሎ ይሠጋ ይሆናል። እዚህ ላይ ለጎጃሜ አንባቢዬ አንድ የምሥራች አለኝ። የፖንዛ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩት «ቺቸርኪያ» የሚባል የጥራጥሬ ሾርባ አለ። ቺቸርኪያ ማለት ጓያ ነው! በእኛ አገር ሌላው እህል ሲጠፋ የሚያኖረን፣ ሲበዛ ግን እግር የሚያሽመደምደው ያው ጓያ፣ እዚያ የእንግዳ መስተንግዶ ሆኖ ይቀርባል። አንድ የእህል ዘር በሁለት ድሃ ምድሮች ላይ እንዲህ መገናኘቱ፣ ወደዚያ ለሚሄድ የጎጃም ሰው ከብዙ ሐውልት ይልቅ የሚያነጋግረው ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር «ለመሆኑ ምን ለማየት ነው ይህ ሁሉ ድካም? አንድ ወደብ፣ አንድ ቤትና ውኃ ለማየት? መጽሐፉ በእጃችን አይደለምን?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። መጽሐፍ ያለ ሥፍራ ይነበባል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶ ያለቀሰ ሰው ሁሉ ዲማን ያየ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከመጽሐፍ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ልክ ነው። አንድ ሰው በልጅነቱ መንገድን በቀን እየቆጠረ፣ ደብር ለደብር ሲዞር አድጓል እንበል። ለእንዲህ ያለ ሰው ምድር መጨረሻ የላትም፤ ከአንድ ተራራ ኋላ ሌላ ተራራ፣ ከአንድ የኔታ ኋላ ሌላ የኔታ አለ። ይህን ሰው 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ርዝመት ባላት መሬት ላይ አስቀምጡት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ አንድ ረፋድ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ በየትኛውም አቅጣጫ መንገድ የለም። ግዞት የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ይፈታዋል፤ የቃሉን ስፋትና ጥበት ግን እግር ነው የሚለካው። ያንን መሬት በእግሩ ለክቶ የተመለሰ አንባቢ «ትዝታ»ን ሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ ሌላ መጽሐፍ ያነባል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲያው ማን ይሂድ? እንደ እኔ እንደ እኔ መጀመሪያ ሊሄዱ የሚገባቸው አስቀድመው የደረሱት ናቸው። በሮም ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ቴርሚኒ ጣቢያን የማያውቅ ሐበሻ በዚያች ከተማ ያለ አይመስለኝም። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ በ1887 እ.ኤ.አ. በራስ አሉላ ጦር በዶጋሊ ለወደቁት የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ የተሰየመ ነው። እነርሱ የሞቱባቸውን ሰዎች በዋና ከተማቸው ትልቅ በር ላይ ጽፈዋል፤ አያስወቅሳቸውም። የእኛ ሰዎች የታሰሩበትን ደሴት መነሻ ባቡር ግን ከዚያው አደባባይ ጥቂት እርምጃ ላይ እያለፍነው እንኖራለን።

ከእነዚያ ወገኖቼ የምለምነው ሐውልት እንዲያቆሙ አይደለም። አንዲት ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ተነሥተው ይሂዱና እንደ ጥንቱ ተማሪ ይንገሩን፦ የባቡሩና የመርከቡ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ከወደቡ እስከ ሳንታ ማሪያ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ስለ ሐበሾቹ እስረኞች ከአባቶቻቸው የሰሙት ካለ ምን እንደሆነ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ፣ ማታ ከወደቡ ሆኖ የዋናው ምድር መብራት ይታይ እንደሆነ። ይህች መጨረሻዋ ለብቻዋ ትልቅ ጥያቄ ናት። እስረኛ የማዶውን መብራት እያየ ማደሩና በጨለማ መክበቡ አንድ አይደለምና።

ሌላውን ከመለመኔ በፊት ግን በራሴ ደጅ የሚጠበቅብኝን ላድርግ። ደብረ ኤልያስም ለብዙ አንባቢ ከፖንዛ ያልተሻለች ሩቅ ናት። ስለዚህ ዮፍታሔን ያፈራችውን፣ ሐዲስን ያስተማረችውን ደብር ለማየት ለሚሻ እንግዳ የማውቀውን እነሆ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ስላለ ቀኑን ይወስዳል። ደብረ ማርቆስ ማደር ደግ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው በደራሲው ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለና ከዚያ መጀመር ይቻላል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ የሚመጣ ቅጥቅጥ ወይም ሚኒባስ ይገኛል፤ ሳይሞላ አይነሣምና በጠዋት መምጣት ነው። በክረምት ጭቃው የጥቁር አፈር ጭቃ ስለሆነ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጋቢ ያዙ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ እኔም መስኮቱ ኋላ ሆኜ ልረዳችሁ አልችልም።

ወደ ቅኔ ቤቱ ስትሄዱ አስቀድማችሁ የኔታን አስፈቅዱ። በጉባኤ ሰዓት ገብታችሁ ተማሪውን አታቋርጡት። የደበሎ ልብሱንና የልመና አኩፋዳውን ለፎቶግራፍ ብላችሁ አታሯሩጡት፤ ጉስቁልናውን ሊያሳያችሁ አልመጣም፣ ሊማር ነው የመጣው። ልትሰጡት ከወደዳችሁ ሳሙና፣ በርበሬ፣ ደብተር ይጠቅመዋል። ከሁሉም በላይ ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

ከሁሉ የሚከብደውን ችግር በመጨረሻ አስቀመጥሁት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል። ስለዚህ ማንም ቢሆን ከመነሣቱ በፊት በዚያ ሳምንት ስላለው ሁኔታ የአገሩን ሰው ይጠይቅ፤ «አይሆንም» ከተባለም ይቆይ። እንግዳ ቢቀር ሌላ ዓመት ይመጣል። የሚያስጨንቀኝ ተማሪው ነው። የደብር ትምህርት የሚኖረው በመንገድ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣው ልጅ መንገዱን ፈርቶ ከቀረ፣ የመንገዱን ነገር የሚነግረው ባልንጀራም ካጣ፣ ቅኔው በአንድ ትውልድ ውስጥ አድማጭ ያጣል። በፖንዛ የባሕሩ ነፋስ ሲቆም መርከቡ ይነሣል። የእኛው ነፋስ መቼ እንደሚቆም ግን የሰዓት ሠሌዳ የለውም።

እንግዲህ ፖንዛ ስንት ቀን ያስኬዳል? ከደብረ ኤልያስ ለሚነሣ ሰው፣ ወረቀቱ ሁሉ ከተሟላለት፣ አንድ ወር ተኩል የመልስ መጠበቂያ፣ ሁለት ቀን ጉዞ፣ ከነፋሱም አንድ ሁለት ቀን። በሮም ለሚኖር ወንድሜ ወይም እኅቴ ግን ግማሽ ቀን። ልዩነቱ ይህን ያህል ነውና፣ ግማሽ ቀን ያለው ለወር ተኩሉ ሰው ሄዶ ይንገረው።

የቅርንጫፋችን በር ከተዘጋ በኋላ፣ ሒሳብ እስኪዘጋ ስጠብቅ የጻፍኋትን አጭር ግጥም አክዬ ልሰናበት።

ባሕር ዱካ አይይዝም፣ ያለፈን አይጠራም፤
ሞገዱ ቢጮህም ለማንም አይራራም።
የሀገሬም መንገድ ሰው ካልተጓዘበት፣
ሣር ለብሶ ይቀራል ዳዋ ሠልጥኖበት።
የደረሰ ይንገር ለቀረው ዘመዱ፤
ቃልም ድልድይ ይሁን፣ ይታወቅ መንገዱ።

ቸር መንገድ ያገናኘን።